አምፖሉ ደምቆ ሲቆይ ጁል አያድንም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ቴሌቪዥናቸውንና ዲኮደራቸውን ሰርጅ ፕሮቴክተር (ከሰርጅ፣ ማለትም ከድንገተኛ የቮልት ዝላይ የሚከላከል) ባለው ዲቫይደር ላይ ሰክተው ነበር። አንድ ምሽት የሳሎኑ አምፖሎች ከወትሮው በጣም ደምቀው ለደቂቃዎች ቆዩ። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ቴሌቪዥኑም ድርግም ብሎ ጠፋ። ዲቫይደሩን ሲፈቱት ሳንቲም የምታክል ሰማያዊ ክብ ዕቃ ጠቁራ ተሰንጥቃለች። አጠገቧ ደግሞ ቀደም ሲል የጠገነው ሰው የበየዳት ቁራጭ ሽቦ አለች። አረንጓዴዋ መብራት ግን እስካሁን ትበራለች። "ጁሉ ከፍ ያለ ልግዛ ወይ?" ይላሉ። ጁል ማለት ፕሮቴክተሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል ለመናገር የሚጻፍበት ቁጥር ነው።

ገና ነው፣ አይግዙ። ከጻፉት ሁሉ እኔን የያዘችኝ "ለደቂቃዎች" የምትለዋ ቃል ናት። ሰርጅ በማይክሮ ሰከንድ መጥቶ የሚያልፍ ነገር ስለሆነ አምፖል ሲያደምቅ በዓይን አይታይም። ደምቆ ከቆየ ግን የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) ላልቷል ወይም ተቆርጧል። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ (ፌዝ ኃይሉን የሚያመጣው ሽቦ ነው) የጋራው ኒውትራል ሲለቅ ብዙ ዕቃ የበራበት ፌዝ ቮልቱ ይወርዳል፣ ጥቂት የበራበት ደግሞ ይወጣል። 220 መሆን የነበረበት ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። በዚያው ሰዓት ጎረቤት "መብራት ደከመብኝ" ብሎ ከነበረ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት ይህን ይያዙልኝ፤ የተቆረጠ ኒውትራል ኒውትራል አይደለም። በተሰኩት ዕቃዎች በኩል ያለፈው ፌዝ እዚያው ሽቦ ጫፍ ላይ ይጠብቅዎታል። ቀለሙን አይመኑ። ብሬከሩን ያጥፉ፣ ከዚያ ሁለቱንም ሽቦ ከግራውንድ ጋር በመልቲሜትር ይለኩ። ብዙ ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ መሆኑንም አይርሱ።

አሁን ወደ ጁሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሻጩም ገዢውም "ፕሮቴክተሩ ሰርጁን ይውጠዋል" ብለው ያምናሉ። ያቺ ሰማያዊ ክብ ዕቃ ቫሪስተር ትባላለች። የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ከጥቂት ቢስመዝ ኦክሳይድና ከሌሎች ጋር ተደባልቆ፣ ተጨምቆ፣ እንደ ሸክላ ተተኩሶ የተሠራች ናት። ውስጧ በደቃቅ ቅንጣቶች የተሞላ ሲሆን፣ ሁለት ቅንጣቶች የሚነካኩበት ድንበር እያንዳንዱ ወደ 3 ቮልት ያህል ችሎ ይዘጋል። 150 ያህሉ ሲደረደሩ 470 ቮልት ይሆናል። ጀርባዋ ላይ 471 የሚለው ቁጥር ይህ ነው፤ 47 እና አንድ ዜሮ። ከዚያ በታች ዝግ በር ናት። ቮልቱ ሲያልፍ ድንበሮቹ በናኖ ሰከንድ ይከፈታሉ፤ ከረንቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ከመሄድ ይልቅ በእሷ በኩል ወደ ኒውትራል ይመለሳል። ስለዚህ ዋናው ሥራዋ መንገድ ማስቀየር ነው። ከኃይሉ እሷ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀረው ድርሻ ብቻ ነው፤ የቀረው በመስመሩ ሽቦ ላይ ያልቃል። ስሌቱ ይኸው፦ 1,000 አምፔር በ1,000 ቮልት ለ20 ማይክሮ ሰከንድ ቢያልፍባት 20 ጁል ነው። ምንም አትሆንም።

380 ቮልት ሲመጣ ግን የሞገዱ ጫፍ 537 ቮልት ይደርሳል። በሩ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ገርበብ ይላል። 14 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቫሪስተር ያለማቋረጥ የምትችለው 0.6 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 5 ዋት እንኳ ቢያርፍባት በአንድ ደቂቃ 300 ጁል ይሆናል፤ ስትሞቅ ደግሞ በሩ ይበልጥ ይከፈታል፣ ይበልጥ ትሞቃለች። 2,000 ጁል የተጻፈበት ቢገዙም ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ነው።

ያቺ ቁራጭ ሽቦስ? ቦታዋ የቴርማል ፊውዝ ነበር። ቫሪስተሯ ስትግል ቆርጦ ቤቱን ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው። "ጠጋኙ" ፊውዙ ሲቆረጥበት በሽቦ አገናኝቶ "ሠራልህ" ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ደሜ ይፈላል። አረንጓዴዋም መብራት በርካሽ ዲቫይደር ላይ በአንዲት ሬዚስተር መስመሩ ላይ የተንጠለጠለች ስለሆነች የምትናገረው መብራት መኖሩን ብቻ ነው። ዲቫይደሩን ገመዱን ቆርጠው ይጣሉት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው።

ቤትዎ ሦስት ፌዝ ከሆነ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የኒውትራሉን ማያያዣ ይዩ። የጠቆረ ብሎን፣ የቀለጠ ላስቲክ፣ ወይም አሉሚኒየምና መዳብ ተጠማዝዘው በናስትሮ የተጠቀለሉበት ካለ አግኝተውታል። ጫፉን ቆርጠው በአዲስ ይላጡ፣ በትክክለኛ ማያያዣ ያጥብቁ። ግን ድጋሚ ልናገር፤ ሳይለኩ ኒውትራል አይንኩ! አንድ ፌዝ ብቻ ከሆነ የሚገባልዎ ችግሩ ከቆጣሪው ወዲያ ነው፣ የመስመሩ ባለቤት ይምጣ። እስኪመጣም ዋናውን ያጥፉ።

ከዚያ በኋላ ነው ግዢው። መጀመሪያ ቮልት ከ255 ሲያልፍ የሚቆርጥና ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ የሚያበራ የቮልት መቆጣጠሪያ ሪሌይ ይግጠሙ፤ ረጅሙን የሚይዘው እሱ ነው። ለአጭሩ ደግሞ ቫሪስተሩ ሲሞት ሶኬቶቹን ራሱ የሚያቋርጥ ፕሮቴክተር ይምረጡ። ሦስት ቫሪስተር ያለው ከሆነ አንዷ በፌዝና በኒውትራል መካከል ናት፣ ሁለቱ ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ግራውንድ ከሌለዎት ሁለቱ ሥራ ፈት ናቸው።

ቴሌቪዥኑ ምናልባት ይድናል። ፓወር ቦርዱ መግቢያ ላይ ፊውዙና ቫሪስተሩ ሄደው ሌላው ተርፎ ይሆናል። ሁለቱንም በዚያው ቁጥር ይቀይሩ፤ ፊውዙን ከፍ አያድርጉ። ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል መጀመሪያ ለክተው በሬዚስተር ያራግፉት። አናቱ ካበጠ ወይም ፊውዙ እንደተቀየረ ወዲያው ከሄደ፣ ዳዮዱና ትራንዚስተሩም ኮንታክት ሆነው ይሆናልና ሙሉ ቦርዱን መቀየር ይቀላል።