የግራ እጄ ሰዓት

ልጆቼ፣ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስባችሁ ስትጨቃጨቁ እሰማለሁ። ትልቁ ክለብ ሲያሸንፍ በጨዋታው መጨረሻ ዳኛው የሚሰጠው ጭማሪ ሦስት ደቂቃ፣ ሲሸነፍ ሰባት ነው ትላላችሁ። ከዚያ "ዳኛው ተገዝቷል!" ይከተላል። ፊሽካ ይዤ ለብዙ ዓመት ሮጫለሁና ነገሩን ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ሕጉን እንያዝ። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ትንሹ ደቂቃ ነው። ዳኛው ሊጨምርበት ይችላል፣ ሊቀንሰው አይችልም። የሚወስነውም የመሀል ዳኛው እንጂ ሰሌዳውን የሚያነሳው አራተኛ ዳኛ አይደለም። ቅያሪ፣ ጉዳት፣ ካርድ፣ የጎል ደስታ፣ የቫር (የቪዲዮ) ምርመራ፣ ሆን ተብሎ የተገደለ ሰዓት ሁሉ ይቆጠራል።

በቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ በአሌክስ ፈርጉሰን ስም የተጠራው "ፈርጊ ታይም"፣ ማለትም ለዩናይትድ ይበዛለታል የሚባለው ጭማሪ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. የ1993ቱን ጨዋታ ነው። በዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሼፊልድ ዌንስደይ 1 ለ 0 እየመራ ነበር። የዩናይትዱ ስቲቭ ብሩስ በ86ኛው ደቂቃ በጭንቅላት ገጭቶ አቻ አደረገ። በ96ኛው ደገመና ዩናይትድ አሸነፈ። በዚያ ቀን የመሀል ዳኛው ተጎድቶ እንደወጣ፣ አንዱ የመስመር ዳኛ ገብቶ እንዳጫወተ ግን ስንቱ ያስታውሳል? በዚያ የባከነው ጊዜ ሁሉ መካስ ነበረበት።

ደግሞ አስቡት። ትንሽ ቡድን በትልቅ ክለብ ሜዳ እየመራ ከሆነ ምን ያደርጋል? በረኛው ኳሷን አቅፎ ይተኛል። ተቀያሪው እየተንቀራፈፈ ይወጣል። ስለዚህ ትልቁ ሲሸነፍ ጭማሪው መብዛቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዳኛ አያዳላም ማለቴ ግን አይደለም። ያዳላል። ሉዊስ ጋሪካኖ፣ ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ሁዌርታ እና ካኒስ ፕሬንደርጋስት የሚባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የስፔን ላሊጋን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ባለሜዳው በአንድ ጎል እየመራ ከሆነ ጭማሪው 2 ደቂቃ ገደማ ነው። በአንድ ጎል እየተመራ ከሆነ 4 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ጎልና ከዚያ በላይ ሲሆን አድልዎው ይጠፋል። ቅያሪውንና ካርዱን ከግምት አስገብተውም ያገኙት ይህንኑ ነው። ዳኛውን የሚገፋው ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ነው አሉ። ትልቅ ክለብ ደግሞ ብዙ ሕዝብ አለው።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአንድ የክልል ከተማ ሳጫውት ባለሜዳው 1 ለ 0 ይመራል። በሁለቱም እጄ ሰዓት አስሬያለሁ። ሁለቱንም ለሁለተኛው አጋማሽ ከዜሮ አስነሳኋቸው። የቀኙ ሳይቆም ይሄዳል፤ የግራውን ግን ጊዜ በባከነ ቁጥር አቆመዋለሁ። የባለሜዳው በረኛ ሁለት ጊዜ ተኛ፣ ቃሬዛም ገባ። ከ88ኛው ደቂቃ ጀምሮ ሜዳው በፉጨት ተናወጠ። "ጨርስ! ጨርስ!" ይላል ሕዝቡ። ብር የሰጠኝ የለም፣ ያስፈራራኝም የለም። የቀኙ 48 ሲል ነፋሁ። በትክክል የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

መልበሻ ክፍል ገብቼ ሰዓቶቹን ስፈታ፣ 45 መሙላት የነበረበት የግራው 43 ላይ ነው። ከእንግዳው ቡድን ሁለት ደቂቃ ሰርቄያለሁ። የግራውን ሰዓት መጨረሻ ላይ አላየሁትም። ጆሮዬን ነው የሰማሁት። ያ ቡድን በዚያች ሁለት ደቂቃ ምን ያደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ዳኝነት የጀመራችሁ ልጆች፣ ደቂቃውን አትገምቱ። ለእያንዳንዱ ማቋረጥ ሰዓት አቁሙ። ጩኸቱ ሳይመጣ ለአራተኛ ዳኛው እየነገራችሁ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ላይ ፒየርሉዊጂ ኮሊና የሚመሩት የፊፋ የዳኞች ኮሚቴ የባከነው ጊዜ በትክክል ይቆጠር ሲል፣ የእንግሊዝና የኢራን ጨዋታ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 14 ደቂቃ ተጨመረበት። የኢራኑ በረኛ ጭንቅላቱን ተመትቶ ብዙ ደቂቃ ባክኖ ነበር። ሰው ተገረመ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ሲቆጠር ለጩኸት የሚተርፍ ቦታ ያንሳል።

ደጋፊዎች ደግሞ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ። "ተገዝቷል" ከማለታችሁ በፊት አንድ ሁለተኛ አጋማሽ ሙሉውን ቁጠሩ። የምትቆጥሩት ግን የምትጠሉት ክለብ ሲጫወት ብቻ አይሁን። የራሳችሁ ክለብ በሜዳው 1 ለ 0 እየመራ ባለበት ጨዋታ ጀምሩ።