«ይበቃዎታል» ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የዛሬው ጥያቄዬ ስለ ትዳርም ስለ ልጅም አይደለም፤ ስለ አንድ ፖለቲከኛ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በካውንቲያችን ምክር ቤት ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም። አሜሪካዊ ናቸው፤ የኛ ሰው ግን «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ለመኪና ማቆሚያው ፈቃድ ስትንገላታ ጉዳዩን ይዘው የጨረሱልን እሳቸው ናቸው። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ችግር ሲገጥማቸው የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ ለቅሶ ደርሰው፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠው ንፍሮ ዘግነዋል።

አሁን 81 ዓመታቸው ነው። ለሌላ አራት ዓመት ሊወዳደሩ ነው። ፊርማ የሚያሰባስቡትን በጎ ፈቃደኞች እንድመራላቸው ጠየቁኝ።

ችግሩ ያየሁት ነገር ነው። በቅርቡ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ነበረን። አንዲት እናት ስለ ቤት ኪራይ ጠየቋቸው። እሳቸው ስለ አውቶቡስ መስመር መለሱ። ረዳታቸው ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። «አዎ፣ አዎ» ብለው እንደገና ስለ አውቶቡሱ ቀጠሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ስንወጣ እጄን ይዘው «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

አንዲት ቢሮአቸው ውስጥ ትሠራ የነበረች ጎበዝ ወጣት ለቦታው ልትወዳደር ነው ይባላል። እኔ ከዘመቻው ልቅር ብል እናቴ «ያጎረሰን እጅ ልትነክሺ ነው?» አለችኝ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከቨርጂኒያ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። «አባትሽ እንዴት ናቸው?» የሚለው ጋ ስደርስ ልቤ ተነካ። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አውርተሽ የሚወጣልሽ አይደለም።

መልሴን አላዞርብሽም። ንገሪያቸው። አንቺው ራስሽ፣ ፊት ለፊት፣ የፊርማው ሥራ ሳይጀመር። ዘመቻውንም አትምሪ።

ይህን የምልሽ 81 ስለሞላቸው አይደለም። የአዮዋው ሴናተር ቸክ ግራስሊ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ሲመረጡ 89 ዓመታቸው ነበር። 27 ዓመት ሙሉ አንድ የድምፅ መስጫ ሳያመልጣቸው ቆይተው፣ በ2020 ያስቀራቸው ኮቪድ ነው። የቨርሞንቱ ሴናተር በርኒ ሳንደርስም በ2024 የተመረጡት በ83 ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላም ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሕዝብ ሲሰበስቡ ከርመዋል። ሽበት ብቻውን ማንንም ከሥራ አያስወጣም። አንቺ ያየሽው ግን ሽበት አይደለም። የተጠየቁትን አልያዙም፤ ሲነገራቸውም አልያዙም።

እርግጥ አንድ ቀን ድካም ሊሆን ይችላል። ጆሮ ሲደክም ሰው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። አንዳንድ መድኃኒትም ያደነዝዛል። ስለዚህ በሽታቸውን ለመገመት አትሞክሪ፤ እሱ የሐኪም ነው። ያየሽውን ብቻ ያዢ። ልጆች ካሏቸው ወይም ባለቤታቸውን የምታውቂ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለእነሱ በጆሯቸው ብትነግሪ ጥሩ ነው። ምናልባት እነሱም የሚነግራቸው ሰው እየጠበቁ ይሆናል።

ዝም ማለት ለሚወዱት ሰው ምን እንደሚያመጣ ዳያን ፋይንስታይን ላይ አይተናል። የሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ነበሩ። በ1992 ለሴኔት ተመርጠው ከ30 ዓመት በላይ ካሊፎርኒያን ወክለዋል። በ2023 መጀመሪያ አልማዝ ባለጭራ ያዛቸውና ከሁለት ወር በላይ ከሥራ ቀሩ። የፍትሕ ኮሚቴው ያለ እሳቸው ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፈለ፤ ሪፐብሊካኖች የሚቃወሟቸው ዕጩ ዳኞችም እሳቸው እስኪመለሱ ቆሙ። በሐምሌ ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ ስማቸው ለድምፅ ሲጠራ ንግግር ማንበብ ጀመሩ። አጠገባቸው የነበሩት ሴናተር ፓቲ መሪ «እሺ ብቻ ይበሉ» አሏቸው። ያ ሁሉ በካሜራ ፊት ነው። በመስከረም፣ በ90 ዓመታቸው፣ ወንበሩ ላይ እንዳሉ አረፉ። ያንን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ስለ እሳቸው አይደለም። በዙሪያቸው ስንት የሚወዷቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በፊት ምን ብለዋቸው ይሆን?

የናንተውን ጄሪ ኮኖሊን ደግሞ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። ኮንግረስ ከመግባታቸው በፊት የፌርፋክስ ካውንቲ ቦርድ ሊቀመንበር ነበሩ። ካንሰር እንዳለባቸው በ2024 መጨረሻ በግልጽ ተናገሩ፤ ያም ሆኖ የአንድ ትልቅ ኮሚቴ የዴሞክራቶች መሪነት ተወዳድረው ያዙ። ግንቦት 2025 ላይ አረፉ። በማግሥቱ ጠዋት ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ በ215 ለ214 አለፈ። በዚያ ዓመት የሞቱ ሦስት ዴሞክራቶች ወንበር ባዶ ነበር። ውጤቱ ይቀየር ነበር ብዬ አልምልም፤ የቀሩ ሪፐብሊካኖችም ነበሩና። የፌርፋክስ ሰው ግን በዚያች ጠዋት ድምፅ አልነበረውም። የካውንቲ ወንበርም ያው ነው። ስለ ኪራይ የጠየቁት እናት የዚያን ቀን ተወካይ አልነበራቸውም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። እናትሽ አልተሳሳቱም፤ ውለታ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሹም በሰላም፣ ወዳጆቹ መርቀውት ሲለቅ የት አየን? አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 1967 ዓ.ም. ሲወርዱ 82 ዓመታቸው ነበር፤ ያወረዷቸውም ወታደሮች ናቸው። አቶ መለስ በሥልጣን ላይ እንዳሉ ነው የሞቱት። አቶ ኃይለማርያም በየካቲት 2010 ዓ.ም. በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ሲሉ ብዙ ሰው ጆሮውን ማመን አቅቶት ነበር። ሕገ መንግሥታችን እንኳ ፕሬዚዳንቱን በሁለት የሥራ ዘመን ሲገድብ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ገደብ አላስቀመጠም። ስለዚህ እኛ ጋ «ይልቀቁ» የሚለው ጠላት ብቻ ነው። ወዳጅ «ዕድሜ ይስጥዎ» ነው የሚለው። አንቺ ቃሉ አፍሽ ላይ የከበደሽ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም፤ ይህ ነገር በፍቅር ሲባል ሰምተሽ ስለማታውቂ ነው።

በፍቅር ሊባል ይችላል። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ በ2022 መጨረሻ የፓርቲ መሪነቱን ለወጣቶቹ ለቀቁ፤ ራሳቸው ግን እንደ ተራ አባል ቀጠሉ። ኋላ በ2025 ደግሞ ዳግመኛ አልወዳደርም አሉ፤ ዘመናቸው ሊያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ እየቀረው። ሊተካ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ጊዜ አገኘ፤ መራጩም አማራጭ አገኘ። ጆ ባይደን ግን ከውድድሩ የወጡት ምርጫው ሦስት ወር ተኩል ሲቀረው ነው። እሳቸውም ያኔ 81 ዓመታቸው ነበር። ቀኑ ከገፋ በኋላ መልቀቅ ለማንም ፋታ አይሰጥም። ፊርማው ሳይጀመር ሂጂ ያልኩሽም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስትሄጂ ብቻሽን ሂጂ፤ ቢሮ ሳይሆን ቤታቸው። ረዳታቸው ካለች አይሆንም፣ ሰው ፊት ክብራቸውን ይጠብቃሉ። በቴክስትማ እንዳታስቢው። መጀመሪያ የሠሩልንን አንሺ፤ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የሾፌሮቹን፣ የአባትሽን ለቅሶ። ከዚያ ያየሽውን እንዳየሽው ንገሪያቸው። ስለ ኪራዩ ጥያቄና ስለ አውቶቡሱ መልስ ንገሪያቸው። ስለ አባትሽ የጠየቁሽንም አትደብቂ፤ ያማቸዋል፣ ግን ከሌላ ሰው አይሰሙትም። «ፈራሁልዎት» በያቸው። «ያረጁ» የምትለዋን ቃል ከአፍሽ አታውጪ፤ የወጣቷንም ስም አታንሺ። ስሟ ከተነሳ የላከችሽ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ጠይቂያቸው፤ በቀረው ጊዜ ምን መጨረስ ይፈልጋሉ? መልስ ካላቸው ያንን ለመጨረስ አብሬዎት እሠራለሁ በያቸው። የቤተ ክርስቲያኑና የሾፌሮቹ ጉዳይ በእሳቸው ስልክ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ቢሮው ውስጥ ለማን እንደሚነገር ሽማግሌዎቻችን ከአሁኑ ይወቁ። እሳቸው ራሳቸው ቢያስተዋውቋቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

ሊቆጡሽ ይችላሉ። ሰው ሥራውን 20 ዓመት ከሠራ በኋላ ይህን መስማት ቀላል አይደለም። ቢቆጡም መሄድሽን አታቁሚ፤ በዓል ሲሆን ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። እወዳደራለሁ ካሉ መብታቸው ነው፤ የሚወስነው መራጩ ነው። አንቺ ግን የማታምኚበትን ወረቀት ይዘሽ የሰው በር አታንኳኪ። ፊርማ የምትጠይቂያቸው ሰዎች የሚፈርሙት አንቺን አምነው ነው፤ ለእነሱም ኃላፊነት አለብሽ። አደባባይ ወጥተሽ ስለ ጤናቸው ማውራትም የለብሽም። «በዚህ ዙር አልሠራም» ማለት ይበቃል።

ለእናትሽም የተደረገውን ሁሉ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። አዳራሹ ውስጥ ስለነበረው አልሰሙ ይሆናል።