ሕግ ልቀራ ብዬ ዐቂዳ ገጠመኝ

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ደሴ ነው ያለሁት። ፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) ትንሽ ቀርቻለሁ፣ አሁን ኡሱል አል-ፊቅህ ጀመርኩ። ሕግ ከቁርኣንና ከሐዲስ እንዴት እንደሚወጣ የሚያስተምር ነው ብለውኝ ነበር፣ ግን ገና ከመጀመሪያው ወሕይ (የአላህ መልእክት) ሳይመጣ በፊት የነገሮች ሑክም (ብያኔ) ምን ነበር፣ አእምሮ ብቻውን መልካምና ክፉን ይለያል ወይ እያለ ይከራከራል። ይሄ የዐቂዳ (የእምነት) ጉዳይ አይደለም እንዴ? ዘልዬው ቀጥታ ቂያስ (ሑክሙ ያልተነገረን ነገር በተነገረው መዝኖ መፍረድ) ላይ ብገባስ?

መልስ፦ ወዐለይኩሙሰላም ወንድሜ። እባክህ አትዝለለው፣ ቂያሱን ራሱ የሚፈታልህ እሱ ነው።

መጀመሪያ ኪታቦቹን እነማን እንደጻፏቸው እይ። ኢማሙ ሻፊዒ (820 ላይ ነው ያረፉት፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፍልህ) አር-ሪሳላ በሚባለው የኡሱል ኪታባቸው ላይ እዚህ ክርክር ውስጥ ብዙም አይገቡም። ከሳቸው በኋላ ግን ኡሱልን በሰፊው ከጻፉት ብዙዎቹ የከላም (ስለ ዐቂዳ በክርክር የሚመራመር ትምህርት) ሰዎች ናቸው፣ ከሁለቱ የከላም ቡድኖች ከሙዕተዚላ ቃዲ ዐብዱልጀባርና ተማሪያቸው አቡል ሑሰይን አል-በስሪ፣ ከአሽዐሪያ ደሞ አል-ባቂላኒ፣ አል-ጁወይኒ፣ የጁወይኒ ተማሪ አል-ገዛሊ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ኸልዱን እንደውም የኡሱል አጻጻፍ ሁለት መንገድ አለው ብሎ አንዱን የሙተከሊሞች (የከላም ሰዎች) መንገድ ይለዋል።

ጸቡ እንዲህ ነው። ሙዕተዚላዎቹ ውሸት ክፉ መሆኑን ወይ ምንም ያላጠፋን ሰው መበደል መጥፎ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ እስኪመጣ መጠበቅ የለብህም ይላሉ። አሽዐሪያዎቹ ደሞ ግዴታ የሚባለው የአላህ ንግግር ሲመጣ ነው፣ ከዛ በፊት ሑክም የለም ይላሉ። ሙዕተዚላዎቹ ታዲያ አንድ ምሳሌ አላቸው፦ ሃይማኖት የሌለው ሰው፣ የማያውቀው ሰው ውሃ ሊወስደው ሲል አየ፣ ምስጋናም ሽልማትም አይጠብቅም፣ ግን ገብቶ ያወጣዋል። ለምን? መልካም መሆኑን አእምሮው ስለነገረው አይደለም ወይ?

ከባድ ጥያቄ ነው። አል-ገዛሊ 1109 ላይ በጨረሰው አል-ሙስተስፋ ላይ ሲመልስ ሰውየው ራሱን በሰጣሚው ቦታ አርጎ ስለሚያስብ አንጀቱ አይችልም ይላል፣ ደሞም ማዳን ሁሌ ከመወደስ ጋር ተያይዞ ስላየው የሚያወድሰው ባይኖርም ልቡ ወደዛው ይሄዳል፣ እባብ የነደፈው ሰው ዝንጉርጉር ገመድ አይቶ እንደሚሸሸው። ይሄን ሳነብ እንዴት እንደገረመኝ! እባብ ያየ በልጥ በረየ የምንለው እኮ ነው፣ እሱ ግን ሙሉ ክርክር ቆመበት።

አሁን ወደ ቂያስህ እንምጣ። ብርዝና ጠጅን አስብ (ስለ ማር መጠጥ ለብቻው ሐዲስ መኖሩን አውቃለሁ፣ ለማስረዳት ያህል ነው)። ያው ማር ያው ውሃ ነው፣ ብርዙ ሐላል፣ ሰንብቶ ሲያሰክር ሐራም። ዒላው (ሑክሙ የተያያዘበት ምክንያት) ማስከሩ ነው እንበል። ግን ማስከር በራሱ ጉዳት ስላለበት ነው ሐራም ያደረገው ወይስ ሸሪዓ ምልክት ስላረገው? ሙዕተዚላው የመጀመሪያውን ይላል። አል-ገዛሊ ግን ኸምር (አስካሪ መጠጥ) ከመከልከሉ በፊትም ያሰክር ነበር እኮ፣ ያኔ ለምን ሐራም አላደረገውም፣ ስለዚ ዒላ የሚሆነው አላህ ዒላ ስላደረገው ነው ይልሃል።

የሚደንቀኝ ደሞ ይሄው ሰው ነው ሸሪዓ የሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች አሉ፣ ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘርና ንብረት ብሎ ያስቀመጠው። ከአቋሙ አልወጣም፣ አምስቱን ያገኛቸው ከሸሪዓው ከራሱ ነው እንጂ አእምሮ ብቻውን ፈርዶ አላመጣቸውም። ለዛም ነው መርከብ ልትሰምጥ ስትል አንዱን ወደ ባህር ጥለን ሌሎቻችን እንትረፍ ቢባል አይፈቀድም ያለው፣ ብዙ ሰው መትረፉ ብቻውን አልበቃውም።

ቂያስ ምዕራፍ ስትደርስ ዒላ የሚለው ትርጉም ላይ ቆም በል፣ አንዱ ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው አስገዳጅ ምክንያት። ተናጋሪው አሽዐሪ ይሁን ሙዕተዚላ ኡስታዝህን ጠይቃቸውና መጀመሪያ ልትዘላቸው ወደነበሩት ገጾች ተመለስ።