ክላሲካል ጊታር ለጀመርሽው እህቴ፦ ለጊዜው ግራ እጅሽን አሳርፊው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጊታር ከገዛሽ ሦስት ወር ሆኖሻል። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ስትይዢ ጣትሽን ያምሻል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ አስተማሪም አላገኘሽም። «በ29 ዓመቴ ክላሲካል ጊታር ልጀምር ማለቴ ረፍዶብኝ ይሆን?» ብለሻል። አልረፈደብሽም። እኔ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ከዕድሜሽ በፊት ግን ጊታርሽን እንየው። ጣቴን አመመኝ የሚል ጀማሪ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክሩ ነው። የመጀመሪያ ጊታሬን የገዛሁበት ሱቅ «ድምፁ እንዲጎላ» ብሎ የብረት ክር ገጠመልኝ። ጊታሩ ለናይለን ክር የተሠራ ክላሲካል ነበር፣ እኔ ግን ልዩነቱን አላውቅም። ጣቴ ቆሰለ። በአራተኛው ወር ደግሞ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ብሪጁ፣ ከጊታሩ ሆድ ተላቆ ተነሳ። የብረት ክር ውጥረት ከናይለኑ እጥፍ ገደማ ነው፤ የክላሲካል ጊታር ስስ እንጨት ይህን አይችልም። ያን ጊታር ሳስበው ዛሬም ያሳዝነኛል።

የአንቺን እንዲህ እወቂው። ቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ለስላሳ ከሆኑ ናይለን ናቸው። ወፍራሞቹ ሦስቱ ብረት ቢመስሉሽ አትደንግጪ፤ ውስጣቸው ናይለን ነው፣ ሽቦው ከላይ የተጠመጠመ ነው። አንገቱንም ለኪው። ከጊታሩ ጭንቅላት ሥር ክሮቹ የሚያልፉባት ነጭ ቁራጭ ጋ ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ክላሲካል ነው። 43 አካባቢ ከሆነ ለብረት ክር የተሠራ አኩስቲክ ነው። እሱም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አንቺ ለፈለግሽው ሙዚቃ ግን ጣትሽ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይጠብሻል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ያለ አስተማሪ ስምንት ወር ለፋሁ። ኮርድ ከቪዲዮ እያየሁ ግራ እጄን ጨምቄ ይዤ እውል ነበር። የአውራ ጣቴ ሥር እየጠዘጠዘኝ ሌሊት እስከ መንቃት ደረስኩ። በኋላ አንዲት አስተማሪ አገኘሁ። ሁለት ደቂቃ አዳመጠችኝና «ግራ እጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጠው» አለችኝ። ለሦስት ሳምንት ባዶ ክር (ግራ እጅ ያልተጫነውን) ብቻ በቀኝ እጅ አስመታችኝ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ የከፈልኩት ገንዘብ ታወሰኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከባዶ ክር እንዲያ ያለ ድምፅ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን የሚገባኝ ይህ ነው። ቀኝ እጅ የሚሄድበትን ክር ካላወቀ ይጨነቃል። ቀኝ ሲጨነቅ ግራው አብሮ ይጨመድዳል። አንቺ «ጣቴ ደካማ ነው» ያልሽው ምናልባት ይህ ነው። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ኮርዱን ተይው። አውራ ጣትሽ ወፍራሞቹን ሦስት ክሮች ይያዝ። ሌባ ጣት ለሦስተኛው፣ የመሃል ጣት ለሁለተኛው፣ የቀለበት ጣት ለቀጭኑ ለአንደኛው ክር። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለሽ፣ ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርገሽ። ማውሮ ጁሊያኒ የሚባል ጣሊያናዊ ጊታሪስት ለቀኝ እጅ ብቻ 120 መልመጃ ጽፏል። ግራ እጅ እንዳያስቸግር ብሎ ሁሉንም በሁለት ኮርድ ላይ ነው የሠራቸው። ሰውየው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኖታው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሞክሪ።

አቀማመጥሽንም አስተካክዪ። ክንድ የሌለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጪ። የጊታሩ ወገብ በግራ ጭንሽ ላይ ይረፍ፣ ግራ እግርሽን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ ነገር ከሥሩ አድርጊ። እኔ ወፍራም መጽሐፍ ነበር የምጠቀመው። ጊታሩ በራሱ መቆም አለበት፤ ግራ እጅ አንገቱን ደግፎ ከያዘ መጫወት አይችልም።

ግራ እጅ ሲመለስ ጣትሽን አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከለው የፍሬት ብረት አጠገብ አሳርፊ፣ በሁለት ብረት መሃል ላይ አይደለም። ከዚያ ክሩን ሳትጫኚ ምቺው፤ ይታፈናል። ትንሽ ተጫኚ፤ ይንዘረዘራል። ትንሽ ጨምሪ፤ ይጠራል። እዚያ ላይ አቁሚ። የሚያስፈልገው ጉልበት ይህችው ናት። የጣት ጫፍ ማመም ያለ ነው፣ ቆዳው ሲጠነክር ይተውሻል። አውራ ጣት ሥር ወይም አንጓ ላይ ካመመሽ ግን የዚያን ቀን ጊታሩን አስቀምጪ። በዚህ ቀልድ የለም።

የመጀመሪያ ዜማሽ ደግሞ ጆሮሽ የሚያውቀው ይሁን። እኔ የጣቴን ፍርሃት የለቀቅኩት በትዝታ ቅኝት ነው። ከሦስተኛው ፍሬት አያልፍም። አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ዶ ነው። አራተኛውን ክር ባዶውን ስትመቺው ሬ፣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሚ። ሦስተኛው ክር ባዶው ሶል፣ ሁለተኛው ፍሬት ላ። ሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ከፍተኛውን ዶ ታገኛለሽ። በሌባና በመሃል ጣት እያፈራረቅሽ ውጪ ውረጂ። አንዱን ጣት ሁለቴ አታስከትዪ። ክራር ሲመታ እየሰማሽ ካደግሽ የት ጋ መሳሳብ፣ የት ጋ መቆም እንዳለብሽ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም።

አዲስ ናይለን ክር ስትገጥሚ ለብዙ ቀን ቅኝቱ ይወርዳል። ክሩ እየተለጠጠ ነው፣ ጊታሩ አልተበላሸም። በተቀመጥሽ ቁጥር በስልክሽ ቱነር ቃኚው። የግራ እጅሽን ጥፍር ቁረጪ፤ የቀኙን ማሳደግ ለአሁኑ አያስፈልግሽም።

ልምምዱ በቀን ሁለቴ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ቅዳሜ ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ልምምድ ይሻላል። አስተማሪ በየሳምንቱ ካልቻልሽ በወር አንዴም ቢሆን ፈልጊ። ሌላ ሰው በሁለት ደቂቃ ያየውን እኔ በስምንት ወር አላየሁትም። እስከዚያው ስልክሽን ፊት ለፊትሽ አቁመሽ እጅሽን ቅረጪና እዪው፤ ትከሻሽ ሲነሳ ታገኚዋለሽ።

ዛሬ ማታ የአንገቱን ስፋት ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የክሮቹንም ፎቶ ጨምሪበት። የብረት ክር ከሆነ እስክንነጋገር ድረስ ውጥረቱን አላልተሽ አቆዪው።