ሪያድ ወይስ ዱባይ ብለህ ለጠየቅከው የኮምቦልቻ ልጅ

ሰላም ወንድሜ። «ኮምቦልቻ ደሴ መስመር ሦስት ዓመት ዶልፊን ነድቻለሁ፤ አሁን የሪያድ የቤት ሹፌርነትና የዱባይ ዕቃ ማድረስ አንድ ላይ መጣልኝ፤ የየትኛው ከተማ ፈጣን መንገድ ይሻላል?» ብለህ ለጠየቅከው ከላይ ያለው ሰው ሁሉ «ዱባይ» ብሎ በአንድ ቃል መልሶ ሄዷል። ግማሾቹ ዱባይን በቲክቶክ ነው የሚያውቋት። እኔ ዱባይ ሁለት ዓመት፣ ሪያድ አራት ዓመት ነድቼ ተመልሼ ይኸው በኮምቦልቻና በደሴ መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ እየወረድኩ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

1ኛ. አስፋልቱን ብቻ ካልክ ዱባይ ትበልጣለች፣ ክርክር የለውም። ሼክ ዛይድ መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስድስትና ሰባት መስመር የሚሆንበት ቦታ አለው። ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው በድልድይ ተጠማዘህ ስትሻገር ፍሬን መንካት እንኳ ላያስፈልግህ ይችላል። ግን መንገዱ ይበላሃል። ሳሊክ የሚባል ክፍያ አለ። እንደ አዲስ አበባ አዳማው መግቢያ ላይ ካርድ ወስደህ መውጫ ላይ የምትከፍልበት ዳስ እንዳይመስልህ። መስታወቱ ላይ ስቲከር ይለጠፋል፣ በበሩ ሥር እልፍ ስትል ሒሳቡ ይቆረጣል፣ አንተ እንኳ አታውቅም። በእኔ ጊዜ በአንድ ማለፍ 4 ድርሃም ነበር፤ በፈረንጆቹ ከ2025 ወዲህ በመጨናነቂያ ሰዓት 6 ሆኗል። ዕቃ የሚያደርስ ሰው በቀን ስንቴ እንደሚያልፍ አስበው። የእኔ ድርጅት ከደመወዜ ነበር የሚቆርጠው፤ ወረቀቱን አሳዩኝ ስላቸው «ሲስተሙ ነው» ነበር መልሳቸው።

ካሜራውም ጣጣ አለው። ዱባይ ውስጥ ምልክቱ 100 ካለ ካሜራው እስከ 120 ይታገሥሃል። ያንኑ መንገድ ይዘህ አቡዳቢ ክልል ስትገባ ትዕግሥቱ የለም፤ 140 ከተባለ 140 ነው። መንገዱ አንድ፣ አስፋልቱ አንድ፣ ሕጉ ሁለት። ይህን ያወቅኩት ተቀጥቼ ነው።

መንጃ ፈቃድ ደግሞ የኛን አይቀይሩልህም፤ ትምህርት ቤት ገብተህ እንደ አዲስ ትፈተናለህ። እኔ ደሴን በጉም የነዳሁ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ! ምክንያቱ? መስመር ስቀይር ስፖኪዮ ብቻ አይቼ አንገቴን ወደ ትከሻዬ ስላላዞርኩ። ፈታኙ ዝም ብሎ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሲያደርግ አይቼ «ምን አጠፋሁ?» ስለው ቀና ብሎም አላየኝም።

እዚህ ላይ ከላይ አንዱ «ሐረጎን የነዳ የትም ይነዳል» ያለው ነገር። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው የሄድኩት። ሐረጎ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣሃል፤ ማርሽ መያዝ፣ ፍሬን አለማጋል፣ መታጠፊያ ላይ ጡሩምባ፣ ከባለ ተሳቢው ኋላ ሆኖ መታገሥ ያስተምርሃል። ከነዚህ ውስጥ ሪያድ ላይ የጠቀመኝ ትዕግሥቱ ብቻ ነው።

2ኛ. ሪያድ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ የሚከፈልበት የለም፣ ቀለበቱ ከተማዋን ዙሪያዋን ይዟታል፣ የንጉሥ ፋህድ መንገድ ደግሞ መሐሏን ከሰሜን ደቡብ ይሰነጥቃታል። አድራሻ የሚነገርህ በመውጫ ቁጥር ነው። «መኽረጅ 10 ና» ይሉሃል፣ እኛ «ፒያሳ ና» እንደምንለው። በሁለተኛ ሳምንቴ ማዳምንና ሁለት ልጆች ይዤ ትምህርት ቤት ሳደርስ መኽረጁ ከሩቅ ታየኝ። እኔ ግን ግራ ጥግ ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ አንዱ ጂፕ በ150 መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ ገፋኝ፣ ፍሬቻ ባሳይ ማን ያስገባኛል፣ መኽረጁ አለፈኝ። ቀጥዬ በሚቀጥለው ወጣሁ፣ ኺድማ የሚሉት የጎን መንገድ ውስጥ ገባሁ፣ በድልድዩ ሥር ዞርኩ፣ ስመለስ በተቃራኒው በኩል እንደገና አለፈኝ። ሦስቴ። ማዳም መጀመሪያ ዝም፣ ቀጥላ «ያ አላህ»፣ በሦስተኛው ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ስለዚህ መውጫህ ሊደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቀኝ ያዝ። ማንም ቢያንቋሽሽህ ቀኝ ያዝ።

ይህ ግን ምንም አይደለም። ገንዘቤን የበላው ሌላ ነው።

ደሴ ላይ «አብሽር» ስንባባል አይዞህ ማለታችን ነው አይደል? እዚያ አገር አብሽር የመንግሥት አፕሊኬሽን ነው። ኢቃማህም (የመኖሪያ ፈቃድህ)፣ ቪዛህም፣ የትራፊክ ቅጣትህም እዚያ ላይ ነው ያለው። ሳሄር የሚባለው ካሜራ ሲያነሳህ ቅጣቱ የሚጻፈው በመኪናው ባለቤት ነው፤ ባለቤቱ አንተን «የመኪናው ተጠቃሚ» ብሎ ካስመዘገበህ ግን በአንተ ኢቃማ ላይ ይወድቃል። እኔን የመጀመሪያው ወር ላይ የአሠሪዬ ትልቁ ልጅ ስልክህን ስጠኝ አለኝ፣ የመጣውን መልእክት ራሱ ከፍቶ ራሱ ተቀብሎ መለሰልኝ። «ምንድን ነው?» ስለው «ለመንዳት ፈቃድ ነው፣ አብሽር» አለኝ። እኔም አብሽሬ ዝም አልኩ። የይለፍ ቃሉንም እሱ ነበር የሚይዘው።

ሐሙስ ማታ እነሱ ዘንድ እንደኛ ቅዳሜ ምሽት ነው። ልጆቹ ቁልፉን ይወስዳሉ፣ እኔ ከወረባቦና ከሐይቅ ልጆች ጋር ቡና ላይ ነኝ። ጠዋት መኪናውን ሳጥብ ጎማው ሽታ አለው፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ከዚያ ያለፈ ምን አውቄ?

አራት ዓመት ሞልቶ ኹሩጅ (ጨርሶ የመውጫ ቪዛ) ስጠይቅ ቅጣቱ ካልተከፈለ መውጣት የለም ተባልኩ። 6,300 ሪያል! ደመወዜ 1,500 ነው። አንዱ ቀይ መብራት መጣስ ነው፣ እሱ ብቻ 3,000። ቀኖቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ወላሂ አንዷ ብቻ ስትቀር ሁሉም ሐሙስ ሌሊት ናቸው። አንዷ የእኔ ናት፣ አልክድም። ለአባትየው ብነግር «ስምህ ነው ያለው» አለ። ማዳም ናት በኋላ ተደብቃ ግማሹን የሰጠችኝ፤ መኽረጅ ሦስቴ ያሳለፍኩባት ሴት። ቀሪው ግማሽ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ያሰብኩት ብር ነበር።

ስለዚህ ሲም ካርድህን በራስህ ኢቃማ አውጣ፣ አብሽርን ራስህ ክፈት፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም አትስጥ፣ አርብ አርብ እያየህ ያልነዳኸው ቅጣት ካለ ያን ዕለቱን ተናገር። ስትከራከርበት ትኩስ እያለ ነው እንጂ አራት ዓመት ቆይቶ ማንም አይሰማህም። ይህን ሁሉ ደሴ የላከኝ ኤጀንሲ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ከመሄዴ በፊት «ቅጣት በማን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር እኮ፤ ልጅቱ ከስልኳ ቀና ሳትል «እዚያ ስትደርስ ታየዋለህ» አለችኝ። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ ዘበኛው ከደረጃው አላሳለፈኝም።

3ኛ. ዝናብ። ሁለቱም አገር ዝናብ አያውቁም፣ መንገዳቸውም አያውቅም። ጅዳ በ2009 በፈረንጆች ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰው በልቷል፣ ዱባይም በ2024 ሚያዝያ ሼክ ዛይድ መንገድ ራሱ መኪና ውጧል። ሰማዩ ከጠቆረ በድልድይ ሥር ወደሚያልፈው መንገድ አትግባ።

«እኛም አዲስ አዳማ አለን» ላልከው ወዳጄ፣ ጥሩ መንገድ ነው፣ ስድስት መስመር ነው፣ ስነዳበት ደስ ይለኛል። ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ክር ነው። ልጁ የጠየቀው ስለ መረብ ነው፤ እዚያ አንዱን ብትስት ሌላ አለ፣ የሚያደክምህም እሱ ነው።

እኔ ብሆን? የዱባዩ ውል ሳሊክና ቅጣትን በጽሑፍ ከለየልህ ዱባይ፣ ካልለየ ሪያድ። አሁን ኮምቦልቻ ከሆንክ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ተራ እየጠበቅኩ ነኝ። ሳትፈርም ውሎቹን ይዘህ ና፣ አረብኛውን አብረን እናነበዋለን፤ ቡናው በአንተ ነው።