በመገጭ አፍ ሞዴል ላይ አሸዋው ለምን አልተንቀሳቀሰም?

አንድ አንባቢ ከአዘዞ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «መገጭ ጣና ሐይቅ የሚገባበትን አፍ በ1 ለ 200 ስኬል ሠራሁ። ደለሉ የጀልባውን መተላለፊያ እንዴት እንደሚደፍን ለማየት ነበር፤ ውሃ ስለቅበት ግን አሸዋው ፈጽሞ አይነቃነቅም። ይበልጥ የላመ አሸዋ ልጠቀም?»

መጀመሪያ መታረም ያለበት አሸዋው ሳይሆን የውሃው ጥልቀት ነው። በወንዙ አንድ ሜትር ተኩል የሆነው ጥልቀት በሞዴልዎ 7.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ ውሃው እንደ ወንዝ እየተናወጠ ሳይሆን እንደ ዘይት ተንሸራትቶ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ፍሰት ደለል የማንሳት አቅም የለውም። በመርፌ ጥቂት የጽሕፈት ቀለም ከወለሉ አጠገብ ይልቀቁ፤ ቀለሙ ሳይበተን እንደ ክር ከተጓዘ ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህን ፍተሻ እ.ኤ.አ. በ1883 በመስታወት ቧንቧ ያሳየው የፈሳሽ ፍሰት ተመራማሪ ኦስቦርን ሬይኖልድስ፣ በ1885 የእንግሊዙን የመርሲ ወንዝ የባሕር አፍ በሞዴል ሲሠራ ጥልቀቱን ከአግድሙ (ከርዝመቱና ከስፋቱ) 33 ጊዜ ያህል አጉልቶታል።

እርስዎ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግዎትም። አግድሙን በ1 ለ 200 ይተዉትና ጥልቀቱን 1 ለ 50 ያድርጉት። ያን ጊዜ ጥልቀቱ 30 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ፍጥነቱ ለ50 ካሬ ሥር፣ ማለትም ለ7.07 ይካፈላል፤ በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ የሚሆን ጎርፍም በሰከንድ 1.4 ሊትር ስለሚሆን መካከለኛ ፓምፕ ይበቃዋል። የወንዙ አንድ ቀን በሞዴሉ 51 ደቂቃ ያህል ነው፤ የደለሉ ጉዞ ግን በዚህ ሰዓት አይለካም። ዳርቻውም አራት እጥፍ ቀጥ ስለሚል፣ አራት ሜትር ሄዶ አንድ ሜትር የሚወርደው ተዳፋት 45 ዲግሪ ይሆናል፤ አሸዋ በዚያ ላይ አይቆምምና ዳርቻውን በሲሚንቶ ይለስኑት።

የላመውን አሸዋ አልመክርም፤ እጅግ ሲደቅ እርስ በርሱ እየተያያዘ ጭራሽ አልነሳም ይላል። የሚፈለገው ቀላል ነገር ነው። አሸዋ ከውሃ 2.65 ጊዜ ሲከብድ፣ የፒቪሲ ቧንቧ ግን 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ ቧንቧው ሲቆረጥ የሚወጣውን የመጋዝ ብናኝ ሰብስበው በወንፊት ይንፉት፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ ያሳድሩትና ጠዋት የተንሳፈፈውን ገፈው ይጣሉ።

መርሲ በየቀኑ የባሕር ሙላትና ጉድለት አለው፤ ጣና የለውም። ሆኖም ሐይቁ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚነሳ፣ በሞዴሉ የሦስት ሴንቲሜትር ልዩነት ያለው ከፍ ዝቅ የሚል መዝጊያ በውሃው መውጫ ላይ ያብጁለት። የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ሐይቁ ዝቅ ባለበት ጊዜ ስለሚደርስ ደለሉን ወደ ውስጥ አርቆ ይጥለዋል፤ ይህን ሙከራ ያስቀድሙ። ከዚያ በፊት ግን ከክረምት በፊትና በኋላ በታንኳ ሆነው፣ ምልክት በተደረገበት ዘንግ የአፉን ጥልቀት ይለኩ፤ ሞዴሉ ያንን ለውጥ ራሱ እስኪያሳይ ድረስ መተላለፊያው በየት ይቆፈር ለሚለው ጥያቄ አያውሉት።