የከረመ ሳልና የሳንባ ካንሰር፤ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ እትም ከመረጥናቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ታማሚዎቹ አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ወይም ፋርማሲ ደርሰው ተመልሰዋል። የሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚያመልጠውም እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ አልቆ ሕመሙ ሳይለቅ ሲቀር፣ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ከ35 ዓመት በላይ አጭሰዋል። ጠዋት ጠዋት ማሳል ልማዳቸው ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሳሉ ሌሊትም አይተዋቸውም። ሁለት ጊዜ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተን ሰጠናቸው፤ ሻል ይልና ይመለሳል። «የድሬ አቧራ ነው፣ አቦ ተዉኝ!» ይላሉ። መቼ ነው መፍራት ያለብን? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አሁኑኑ ውሰዷቸው። የአጫሽ ሳል ልማድ ነው ተብሎ የሚታለፈው ጠባዩን እስኪለውጥ ድረስ ብቻ ነው። ደረቁ እርጥብ ከሆነ፣ የጠዋቱ ወደ ሌሊት ከዞረ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም አክታው ከበዛ አዲስ ሳል እንደጀመረ ይቆጠራል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ከሦስት ሳምንት ያለፈው ደግሞ፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ በሆነ አጫሽ፣ የደረት ራጅ ያስፈልገዋል።

አንቲባዮቲኩ ለምን «ሻል» አደረጋቸው? ካንሰር ከሆነ፣ እብጠቱ የአየር ቧንቧን ሲያጠብ ከጀርባው አክታ ይታቆራል፣ የታቆረው ያመረቅዛል። መድኃኒቱ ማመርቀዙን ያጠፋል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል፤ ቧንቧውን ያጠበበው ነገር ግን እዚያው ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ሳንባ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ የሳንባ ምች ሐኪምን ማስጠርጠር አለበት። የሳንባ ምች የታከመ አጫሽ ከስድስት ሳምንት በኋላ ራጁን ደግሞ መነሳት አለበት፤ ጥላው መጥፋቱ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። ይህ ሁለተኛው ራጅ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀረው፤ ሰውየው ተሽሎታላ!

የመጀመሪያው ራጅ «ንጹሕ ነው» ቢባልስ? ራጅ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ከአምስት የአንዱን ያህል ያመልጠዋል። ከልብ ጀርባ፣ ከአንገት አጥንት ሥር ወይም ከድያፍራም በታች የተደበቀ ጥላ አይታይም፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰውም እምብዛም አይለይም። ሳሉ ከቀጠለ ቀጣዩ ሲቲ ስካን ነው። የድሮ የራጅ ፊልም ቤት ውስጥ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። የዛሬ ሦስት ዓመትም እንደዚያው የነበረ ጥላ ከአዲስ ጥላ ጋር እኩል አያሳስብም፤ ይህን የሚለየው ደግሞ የድሮው ፊልም ብቻ ነው።

«አያመኝም» ቢሏችሁ አትዘናጉ። የሳንባ ሥጋ ራሱ የሕመም ነርቭ የለውም፤ የሚያመው ነገሩ የሳንባን ሽፋን ወይም የጎድን አጥንትን ሲነካ ነው። ሌሎቹንም ምልክቶች አብራችሁ ተመልከቱ፦ ሳይጾሙ ከስተው ሱሪ ሲሰፋቸው፣ ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መጎርነን (ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው የግራ ነርቭ በደረት ውስጥ ዞሮ ስለሚመለስ እዚያ ሊጫን ይችላል)፣ ጠዋት ፊትና አንገት ማበጥ፣ ቀድሞ የማያደክም መንገድ ላይ ቆሞ ማረፍ። የሁለቱን እጆች ጠቋሚ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር አጋጥሙላቸው። በጤናማ ሰው በጥፍሮቹ ሥር አልማዝ መሳይ ትንሽ ክፍተት ይታያል፤ ክፍተቱ ጠፍቶ የጣቶቹ ጫፍ ካበጠ የቆየ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ሊኖር ይችላል። ክፍተቱ መኖሩ ግን ነጻ ናቸው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በራጅ ጥላ ታይቶባት አክታዋ ግን ነጻ ሆኖ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት። ሦስተኛ ወሯ ነው፤ አንድም ቀን ሳታቋርጥ ወስዳለች፣ ክብደቷ ግን እየቀነሰ ነው። አጭሳ አታውቅም። (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ አክታ ላይ ሳይገኝ በራጅና በምልክት ብቻ የቲቢ ሕክምና መጀመር ስሕተት አይደለም፤ አክታቸው ውስጥ ጀርሙ የማይገኝ ብዙ ታማሚዎች አሉ። ስሕተት የሚሆነው ሳይሻላት ስድስቱን ወር መጨረስ ነው። ሕክምናው የመጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጣይ አራት ወር ሁለት መድኃኒት ነው። እውነተኛ ቲቢ ከሆነ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ ጠፍቶ፣ የምግብ ፍላጎት ተመልሶ፣ ክብደት መጨመር መጀመር አለበት።

ካልሆነ ሦስት ነገር ይጠረጠራል፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፣ ሌላ ኢንፌክሽን ወይም ካንሰር። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። የክትትል ካርዱንና ሁለቱንም ራጆች ይዛችሁ ሐኪሙን በግልጽ «በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ የለም፣ ምርመራው እንደገና ይታይልን» በሉት። አክታው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም ዘረ መል በሚፈልገው መሣሪያ) ካልታየ ይታይ፤ ታይቶም ነጻ ከሆነ ሲቲ ስካንና ናሙና ይከተላል። ሳንባዋ ውሃ ከቋጠረ ከውሃው መቅዳት ይቻላል። ከአንገት አጥንት በላይ እጢ ካለ ደግሞ በቀጭን መርፌ ከዚያ መውሰድ ደረት ውስጥ ከመግባት በጣም ይቀላል፤ ስለዚህ አንገቷ በጣት ተዳስሶ እንደሆነ ጠይቁ። አለማጨሷ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ አጭሰው የማያውቁ ሴቶችም ይይዛቸዋል። መስኮት በሌለው ማጀት ለዓመታት የማገዶ ጭስ ስባ እንደሆነም ለሐኪሙ ተናገሩ። በነገራችን ላይ ቲቢና ካንሰር አንድ ሳንባ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ አንዱ መገኘቱ ሌላውን ነጻ አያወጣም።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። የቀኝ ትከሻዬ ለአራት ወር አመመኝ፣ ወጌሻ ቢያሸኝም አልለቀቀኝም። አሁን ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች። የትከሻ ራጅ ደህና ነው ተብሏል። አጫሽ ነኝ። (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ለእንዲህ ያለ ሕመም የተለመደው ምክንያት የአንገት አጥንት ዲስክ ነው፣ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ ይበልጥ። ነገር ግን የሳንባ ጫፍ ላይ የሚበቅል ካንሰርም ልክ በዚህ መንገድ ይመጣል፦ ከትከሻ ተነስቶ በክንድ ውስጠኛ ጎን ወደ ትንሿ ጣት ይወርዳል፣ ቆይቶ የእጅ ጡንቻ ይሟሽሻል። ሳል ላይኖረው ይችላል። የትከሻ ራጅ የሳንባን ጫፍ ለማየት የሚነሳ አይደለም። የደረት ራጅ ይነሱ፤ እሱም ላይ ቦታው በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን ስለሚሸፈን፣ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ሲቲ ይታዘዝልዎ። መስታወት ፊት ቆመው የቀኝ ዐይንዎ ቆብ ወርዶ፣ ብሌኑ ከግራው ጠቦ እንደሆነ ይዩ። እንደዚያ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። እስከዚያው መታሸቱን ይተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ ሲጋራ አልገዛም። በርጫ ላይ ግን ጓደኞቼ ያጨሳሉ፣ አንዳንዴ ሺሻ እስባለሁ። ሺሻ በውሃ ስለሚጣራ አይጎዳም ይባላል። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዛል እንጂ ካንሰር አምጪዎቹን አያስቀርም፤ ስለቀዘቀዘ ደግሞ ጠልቀው ይስቡታል። ከላይ የሚነደው ከሰል የራሱን መርዝ ይጨምራል። ጋያም ቢሆን ከዚህ አይለይም። ጫቱ ራሱ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፤ ችግሩ በርና መስኮት ዘግቶ ለሰዓታት የሌላውን ጭስ መሳብ ነው። «ምርቃና ላይ ብቻ ነው የማጨሰው» የሚለውም ቢሆን ፍሬው ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ራሱን ያስደነግጠዋል፤ አቆጣጠሩን ቀጥለን እናሳያለን።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ አጨሳለሁ፣ ምንም አያመኝም። ሳይታመሙ መመርመር ይቻላል? ቶሎ መገኘቱስ ምን ይለውጣል? (ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ የሚለውጠው ብዙ ነው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥና ሳይሰራጭ ከተገኙት 100 ታማሚዎች 90 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ አጥንት፣ ጉበት ወይም አንጎል ከደረሰ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም። የመጀመሪያው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይወጣል፤ በሁለተኛው ሕክምናው ዕድሜ ለመጨመርና ሥቃይ ለመቀነስ ነው።

ለጤነኛ አጫሽ የተረጋገጠው ምርመራ አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነው ከ53,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በራጅ ከተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር መሞትን በ20 በመቶ ቀንሷል። በየዓመቱ ራጅ መነሳት ግን ሞትን አልቀነሰም፤ ጤነኛ ሆነው ለዚያ ገንዘብ አያውጡ። እዚያው አገር በ2021 የወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ሆኖ ቢያንስ 20 «ፓኬት ዓመት» (አንዱ በቀን አንድ ፓኬት፣ ማለትም 20 ፍሬ፣ ለአንድ ዓመት ማጨስ ነው) ላጨሱ፣ አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ላልሞላቸው ይመክረዋል።

እኛ አገር ሲጋራ በፍሬ ስለሚገዛ እንዲህ ያስሉት፦ በሳምንት የሚያጨሱትን ፍሬ ለ140 ያካፍሉ፣ ባጨሱበት ዓመት ያባዙ። በቀን አሥር ፍሬ ለ40 ዓመት ያጨሰ 20 ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቀን በርጫ ላይ ብቻ 20፣ 20 ፍሬ ለ30 ዓመት ያጨሰ ደግሞ 8.6 ገደማ።

በአገራችን ለዚህ የሚሆን አገር አቀፍ መርሐ ግብር የለም፤ 20 ፓኬት ዓመት ከሞሉ በሐኪም ምክር በግል መነሳት ነው። አንድ ነገር ግን ቀድመው ይወቁ፦ በዚያ ጥናት ከታዩት አጠራጣሪ ጥላዎች 96 በመቶው ካንሰር አልነበሩም። ቲቢ በበዛበት አገር ጠባሳው ደግሞ ብዙ ነው። ትንሽ ጥላ ከተገኘ በሐኪሙ ቀጠሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ማደጉን ለማየት በድጋሚ ይነሳል፤ ያንን ቀጠሮ የማያከብሩ ከሆነ የመጀመሪያውም ባይነሱ ይሻላል። ማጨስ ያቆመ ሰው አደጋው ከአሥር ዓመት በኋላ ከቀጠለው ሰው ግማሽ ያህል ይወርዳል።

ጥያቄ፦ «ብረት ከነካው ይዛመታል» እየተባለ እናቴ ናሙና አላሰጥም ብላለች። (ከቀላድ አምባ፣ ሐረር)

መልስ፦ መርፌ በገባበት መንገድ ካንሰር መዝራቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ወሬው የመጣው ብዙ ሰው ናሙና የሚሰጠው ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የመጣው ሞት በመርፌው ስለሚሳበብ ነው። ያለ ናሙና የካንሰሩ ዓይነት አይታወቅም፤ ከ100 ወደ 15 የሚሆኑት በዋናነት በኬሞቴራፒ የሚታከሙት ናቸው፣ ቀሪዎቹ ቶሎ ከተገኙ ቀዶ ሕክምና ይጠቅማቸዋል። እናትዎ ሊያስቡበት የሚገባው እውነተኛ ስጋት ሌላ ነው፦ አየር ወደ ደረት ሽፋን ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ ከናሙናው በኋላ ለሰዓታት ተኝተው ይጠበቃሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ ቀድመው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ከአክታዬ ጋር የደም ክር አየሁ፣ አንድ ቀን ብቻ። ልተወው? (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይተዉት። ደሙ ከጥርስ ድድ ወይም ከአፍንጫ መሆኑን መጀመሪያ ይለዩ፤ ከሳንባ የሚመጣው ደማቅ ቀይ፣ አረፋ ያለውና ከሳል ጋር የሚወጣ ነው፣ ከጨጓራ የሚመጣው ጠቆር ብሎ ከምግብ ጋር ይታወካል። አንድ ክርም ቢሆን በዚህ ሳምንት አክታና የደረት ራጅ ያሠሩ፤ ጤና ጣቢያ ጀምሮ ወደ ድልጮራ ሆስፒታል ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል። ደሙ የቡና ሲኒ ከሞላ ወይም ካላቆመ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የትኛው ወገን እንደሚደማ ከታወቀ በዚያው ጎን ይተኙ፤ ደሙ ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይፈስስ ነው።